የጅቡ ግራ እግርና የቡድን ቤት ልጆች

ቀን፦ ኦገስት 24 ቀን 2025
ቤርሼቫ፣ ሽኩና ዩድ አሌፍ

ለነዌ ያኤል የዱር እንስሳት መጠለያ ማኅበር
ለሥራ አመራር ኮሚቴ ሰብሳቢ ለክብርት ወይዘሮ ኦርሊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ "የቡድን ቤት ልጆች ለተፈጥሮ ያሳዩት ፍላጎት ዝቅተኛ ነው" ተብሎ የተጻፈው እንዲታረም፣ የጅቡን ጉዳት ያየችው ልጅ ማን እንደሆነች በትክክል እንዲመዘገብ፣ እንዲሁም እኔ አመልካቹ ስለተጠራሁበት ስብሰባ አቤት ማለትን ይመለከታል።

ክብርት ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎም ለእንስሳቱም ጤና እመኛለሁ። ይህን አቤቱታ በአማርኛ የጻፍኩት ዕብራይስጥ ስለማልችል አይደለም። አርባ ዓመት ተናግሬዋለሁ፤ ፈቃድ ለመለመን፣ ይቅርታ ለመጠየቅና "በሴደር"፣ ማለትም እሺ፣ ለማለት በደንብ ይበቃኛል። ለመቆጣት ግን አይበቃኝም። ደግሞም የላካችሁልኝ ደብዳቤ ከግርጌው፣ መነጽር በሚያስፈልገው ፊደል፣ "ነዋሪዎች በአማርኛም ማመልከት ይችላሉ" ይላል። ይኸው ቻልኩ። ለማኅበሩ የምትተረጉመው ወይዘሮ ውባንቺ ጎረቤቴ ናት፤ ሰው እንዳይቀየም ብላ ቃል የማለዘብ ልማድ አላት። ስለዚህ ውባንቺ፣ እባክሽ የጎመዘዘውን እንደጎመዘዘ ተርጉሚው። ስኳር የሚፈልግ ራሱ ይጨምርበት።

አመልካቹ ታደገ ውበቱ እባላለሁ። ዕድሜዬ ስድሳ አንድ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1984 ከጎንደር ተነሥቼ በሱዳን በኩል ወደዚህ አገር ገባሁ። ሃያ ስድስት ዓመት የፋብሪካ ፈረቃ ሠራተኞችን በአውቶቡስ አመላልሻለሁ። በዚህ በጋ ማኅበሩ ለልጆች በከፈተው ካምፕ የሚኒባስ ሹፌር ሆኜ ተቀጠርኩ። እስከ ዛሬ ድረስ መኪና አልገለበጥኩም፤ ሰውም አልገጨሁም። ያወክሁት ነገር ቢኖር ጸጥታ ብቻ ነው፤ እርሱንም ከዚህ በታች በዝርዝር እናገራለሁ።

1. ኦገስት 17 ቀን ከማኅበሩ አንድ ፖስታ ደረሰኝ። በውስጡ ሁለት ወረቀት ነበር። የመጀመሪያው የካምፑ ማጠቃለያ ሪፖርት ሲሆን በሁለተኛው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ "ቡድን ቤት፣ ሽኩና ዩድ አሌፍ፣ 19 ልጆች። ለተፈጥሮና ለእንስሳት ያሳዩት ፍላጎት ዝቅተኛ ነው። በሚቀጥለው በጋ ቡድኑ እንዲቀጥል አይመከርም።" ሁለተኛው ወረቀት እኔን ለሺሙዕ፣ ማለትም ከሥራ ከመሰናበቴ በፊት ቃሌን ለምሰጥበት ስብሰባ፣ የሚጠራ ነው። ጥፋቴ "ልጆችን ያለ ፈቃድ ከሰዓታቸው ቀድሞ ማምጣትና የእንስሳቱን ጸጥታ ማወክ" ተብሏል።

እንግዲህ በአንድ ፖስታ ውስጥ ልጆቹ እንስሳ ማየት አይፈልጉም ተባለ፤ እኔም እንስሳ ሊያዩ ሲቸኩሉ ቀድሜ በማምጣቴ ተከሰስኩ። ሁለቱን ወረቀት የጻፉት የማይተዋወቁ ሰዎች ይሆናሉ ብዬ ነበር። ፊርማው ግን አንድ ነው፤ የካምፑ ሥራ አስኪያጅ የወይዘሪት ኢንባል።

2. ካምፑ ሲታወጅ የሽኩናችን፣ የሰፈራችን ማለቴ ነው፣ ልጆች በምን ሁኔታ ላይ እንደነበሩ ማስታወስ ይገባኛል። በጁን ወር የሚሳይል ማስጠንቀቂያው ሲረን እርስዎ በሚኖሩበት በዖሜርም ጮኋል። እኛ ዘንድ ግን አራት ፎቅ በሩጫ ወርደን ከሕንፃው ሥር ባለው ሚቅላት፣ በቦምብ መጠለያው ውስጥ፣ ሃምሳ ሰው አንድ አየር እየተሻማን እንቀመጥ ነበር። የልጅ ልጄ ያፊት ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እናቷ ጎህ ሳይቀድ ለሥራ ስለምትወጣ ጧት ጧት እኔ ዘንድ ናት። በዚያ ወር ያፊት ወሬ ቀነሰች። ሌላ ጊዜ አፏ የማይዘጋ ልጅ፣ አንድ ነገር ስትጠየቅ ትከሻዋን ብቻ ትነቀንቅ ጀመር።

በጁላይ መጀመሪያ ላይ በየደረጃው "ኑ፣ ተፈጥሮን በገዛ ዓይናችሁ እዩ!" የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ሥዕሉ የጅብ ነው። ያፊት ወረቀቱን ከግድግዳው ላይ ሳይቀደድ ላጥ አድርጋ ቤት ይዛው መጣች። በዚያው ቀን ደብተር አስገዛችኝና ጅቡን የምትጠይቀውን ጥያቄ መጻፍ ጀመረች። ካምፑ እስኪከፈት አሥራ አራት ጥያቄ ሞላች። "ጥርሱን ማን ያጥብለታል?" የሚል አለበት። "የሚጠላው ሰው አለ ወይ?" የሚልም አለበት። ክብርት ሆይ፣ በሪፖርቱ ላይ "ዝቅተኛ ፍላጎት" የተባለው ይህ መሆኑን ልብ ይበሉልኝ።

3. ልጆቹ በሁለት ቡድን ተከፈሉ። ከዖሜር በወላጆቻቸው መኪና የሚመጡት ቡድን አሌፍ፣ ከእኛ ሽኩና በሚኒባስ የሚመጡት ቡድን ቤት ተባሉ። የእኛ ሽኩና ስሙ ዩድ አሌፍ ሆኖ ሳለ አሌፍነቱ ለሌሎች ሄደ፤ በዚህ አልከራከርም። ቤት በዕብራይስጥ ሁለተኛዋ ፊደል ናት። በአማርኛ ግን ቤት ያው ቤት ነው። ስሙን ያወጣው ሰው ሳያውቀው ትንቢት ተናግሯል፤ ቡድን ቤት የካምፑን ጊዜ ቤት ውስጥ ነውና ያሳለፈው።

ሰዓቱ እንዲህ ነበር፤ ሁሉንም በዚህ አገር አቆጣጠር ጽፌዋለሁ። ቡድን አሌፍ ከጧቱ በ7፡00 በዋናው በር ይገባል፤ በ7፡15 እንስሳቱ ሲመገቡ ያያል፣ እርሱም ያበላል። ቡድን ቤት በ8፡00 ከሽኩናው ይነሣል፤ በ8፡30 በኋላ በር ይገባል። የኋላው በር ፍግና ቆሻሻ የሚወጣበት ነው። ለምን በዚያ እንገባለን ብዬ ስጠይቅ፣ በዋናው በር ፊት የወላጆች መኪና ስለሚበዛ ሚኒባስ መዞር አይችልም ተባልኩ። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት አውቶቡስ ያዞርኩ ሰው ነኝ። አልዞር ያለው ሚኒባሱ እንዳልሆነ ለማወቅ ብዙ ጊዜ አልፈጀብኝም።

4. በጁላይ በ8፡30 የኔጌቭ ፀሐይ ምን እንደምትመስል ለእርስዎ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። ሰው ማዝጋን፣ ማለትም አየር ማቀዝቀዣ፣ ፍለጋ በሚሮጥበት ሰዓት የዱር እንስሳ ቆሞ እንግዳ አይቀበልም። ሚዳቋዎቹ ከጥላው ሥር ፊታቸውን ወደ ግንቡ አዙረው ተኝተዋል። ጃርቱ ጉድጓዱ ገብቷል። ጅቦቹ ዋሻቸው ውስጥ ናቸው፤ ከጅብ የሚታየው "ጅብ" የሚለው ሰሌዳ ብቻ ነው።

የልጆቹ አስጎብኚ ሳጊ ከሠራዊት በቅርቡ የወጣ የዖሜር ልጅ ነው፤ ክፋት የለበትም። በመጀመሪያው ቀን ልጆቹን አጥሩ ፊት አሰልፎ ወዲያና ወዲህ ተመለከተ። የሚያሳየው ነገር ሲያጣ ላቡን ጠረገና "ልጆች፣ ያ የምታዩት የሚዳቋ ቂጥ ነው" አለ። ቃሉን በአቤቱታ ላይ በመጻፌ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሳጊ ግን አልዋሸም።

ከዚያ ልጆቹ ሙቀት እንዳይጎዳቸው ተብሎ ወደ አዳራሹ ገቡ። በአዳራሹ ስለ ሚዳቋ ፊልም ታየ። ሚዳቋዎቹ ከፊልሙ ስድሳ ሜትር ርቀው ተኝተው ነበር። በሁለተኛው ቀን ስለ ጥንብ አንሳ ፊልም ታየ። በሦስተኛው ቀን ልጆቹ ያዩትን እንስሳ እንዲሥሉ ወረቀትና ቀለም ተሰጣቸው። ያፊት ቡናማ ድንጋይ ሥላ ጅራት ቀጠለችበት። ይህ ሥዕል ዛሬ በማኅበሩ መዝገብ ውስጥ "የፍላጎት ማነስ ማሳያ" ተብሎ ተያይዟል። ልጅቱ ያየችውን ነው የሣለችው። ፊት ሥላ ቢሆን ኖሮ ዋሸች ትባል ነበር።

5. በዚያው በሦስተኛው ቀን ወደ ኢንባል ቢሮ ገባሁ። "ኢንባል፣ ልጆቹ እስካሁን እንስሳ አላዩም" አልኳት።

"ታደገ፣ እንስሳቱ የራሳቸው ሰዓት አላቸው። እኛ አናዛቸውም" አለችኝ።

"እንስሳቱን አይደለም የምናዘው፣ ሚኒባሱን ነው። ሚኒባሱን በ6፡30 ላንቀሳቅሰው" አልኳት።

ከወንበሯ ተነሥታ እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገች። እንደ በሽተኛ ጠያቂ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "እኛ እኮ ለእነሱ አስበን ነው። የእናንተ ልጆች በጧት መነሣት ይከብዳቸዋል" አለችኝ።

ክብርት ሆይ፣ "በሴደር" ብዬ ወጣሁ። ሌላ የምለው ጠፍቶኝ አልነበረም፤ የምለው በዕብራይስጥ አልመጣልኝም። አሁን በአማርኛ ልበለው። የእኛ ልጆች እናቶች ከጧቱ በ4፡30 ይነሣሉ። እናንተ ስትገቡ የሚያበራው ኮሪደር፣ የተወለወለው መስታወት፣ ባዶ የተገኘው የቆሻሻ ቅርጫት የእነሱ ሥራ ነው። እናት ስትነሣ ልጅም ይነሣል። በካምፑ ጊዜ ልጆቹ ከ5፡30 ጀምረው ደረጃው ላይ ቦርሳቸውን ታቅፈው እስከ 8፡00 ይጠብቁኝ ነበር። ሁለት ሰዓት ተኩል ተቀምጦ የሚጠብቅ ልጅ እንቅልፋም ከተባለ፣ በሰባት ሰዓት በእናቱ መኪና ተኝቶ የሚመጣውን ምን እንደምንለው አላውቅም። በአማርኛ "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" ይባላል። የእኛዎቹን ደግሞ ጅብ ከተኛ በኋላ አምጥታችሁ ለምን አልጮኻችሁም አላችኋቸው።

6. በአምስተኛው ቀን ፊልሙ አለቀ። ኢንባል ወደ ሚኒባሱ መጥታ "ታደገ፣ አንተ ከአፍሪካ ነህ። ግባና ስለ አንበሳ ንገራቸው" አለችኝ። እኔ አንበሳ ያየሁት በሳንቲም ላይ ነው። ያንን ብነግራት ቅር ይላታል ብዬ ገባሁና ስለማውቀው ስለ ጅብ ነገርኳቸው። የጅብ ጀርባ ወደ ኋላ ያዘቀዘቀ ስለሆነ ሲሄድ የሚያነክስ እንደሚመስል፣ "ይሄማ ሽባ ነው" ብሎ የናቀው ሰው እንደሚሳሳት ነገርኳቸው። አባቴ አንድ ማለዳ ወደ ወፍጮ ሲሄድ ጅብ ተከትሎት፣ በእጁ የያዘውን ዱላ ሳይሆን ዘፈኑን ፈርቶ እንደተመለሰ ነገርኳቸው። የአባቴ ድምፅ በእርግጥ የሚያስፈራ ነበር።

ልጆቹ ሳቁ። ያፊት እጇን አወጣች። በቤት "ሳባ"፣ አያቴ፣ እያለች በዕብራይስጥ ነው የምታናግረኝ፤ በካምፑ ግን ሹፌር አያት ስለምታፍርበት አታውቀኝም ነበር። በዚያ ቀን በሰው ፊት "ሳባ፣ እዚህ ያለው ጅብ በስንት ሰዓት ነው የሚነቃው?" ብላ ጠየቀችኝ።

እኔ አላውቅም ነበር። በሩ ላይ ቆሞ ሲሰማ የነበረው ሽሙኤል መለሰላት። ሽሙኤል እንስሳቱን የሚያበላው ሽማግሌ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት እዚያ ሠርቷል። "ከስድስት እስከ ሰባት ተኩል ድረስ ይንጎራደዳል። በዚያ ሰዓት ብታዪው ንጉሥ ነው" አላት። አሥራ ዘጠኙም ልጆች ዞረው እኔን አዩኝ። ሹፌሩ እኔ ነኛ።

7. እስከ ሰኞ ድረስ ታገሥኩ። ማክሰኞ ጁላይ 29 ቀን ከሰዓት በኋላ ለወላጆቹ በሙሉ አንድ በአንድ ስልክ ደወልኩ። "ነገ ልጆቹን ቀድሜ ልወስዳቸው ነው። ካምፑ አልፈቀደም። ጥፋቱ የእኔ ይሆናል። ትፈቅዳላችሁ?" አልኳቸው። እምቢ ያለ አልነበረም።

ረቡዕ ጁላይ 30 ቀን በ5፡40 ሕንፃው ሥር ስደርስ በጧት መነሣት ይከብዳቸዋል የተባሉት 19 ልጆች 19ኙም ቆመዋል። ከልጆቹ የአንዷ እናት ኩኩ የሌሊት የጽዳት ፈረቃዋን ጨርሳ እየተመለሰች ነበር። የሥራ ልብሷን ሳትቀይር ከልጆቹ ጋር ተሳፈረች። "አንቺ ደግሞ ተኚ እንጂ፣ ደክሞሻል" ብላት "እስካሁን የማውቃቸው ጅቦች ባለ ሁለት እግር ናቸው። አንድ ቀን እውነተኛውን ልይ" አለችኝ።

በ6፡15 ከዋናው በር ደረስን። በሩን ማን እንደከፈተልን አልናገርም። በዚያ ሰዓት የበሩ ቁልፍ ያለው አንድ ሰው ብቻ መሆኑን ክብርትነትዎ ቢያውቁም እኔ አልናገርም። ሚኒባሱም ዞረ። አንድ ጊዜ፣ ያለ ኋላ ማርሽ።

ያን ጧት የሆነውን በማመልከቻ ቋንቋ መግለጽ ይቸግረኛል። ጥንብ አንሳዎቹ ክንፋቸውን ለፀሐይ ዘርግተው እንደ ታጠበ ብርድ ልብስ ቆመዋል። ሰጎኗ አጥር ለአጥር ከልጆቹ ጋር ሩጫ ገጠመችና አሸነፈች። ሚዳቋዎቹ ተነሥተው ይዘላሉ። አንዲት ትንሽ ልጅ "ፊት አላቸው! ፊት አላቸው!" እያለች ጮኸች። ጸጥታ ታወከ የተባለው ይህ ከሆነ እውነት ነው፤ ታውኳል።

8. ያፊት ከጅቦቹ አጥር ፊት ቆመች። ሁለት ናቸው፤ ወንድና ሴት። ደብተሯን ይዛለች፤ ግን አልገለጠችውም። ሌሎቹ ልጆች ከአጥር አጥር ሲሮጡ እሷ ከዚያ አልተነቃነቀችም። ሃያ ደቂቃ ያህል ከቆየች በኋላ "ሳባ፣ ወንዱ ያነክሳል" አለችኝ።

"ጅብ ሁሉ እንዲያ ነው የሚሄደው። ነግሬሽ የለም?" አልኳት።

ሽሙኤልም "ጀርባው ነው እንዲያ የሚያስመስለው፣ የእኔ ቆንጆ" አላት።

ያፊት አልተቀበለችንም። "ሴቷን እዩዋት። እሷ አራቱንም እግሯን ትረግጣለች። እሱ የፊት ግራ እግሩን ሲያሳርፍ ቶሎ ያነሣዋል። ሲዞር ደግሞ ሁልጊዜ በቀኝ በኩል ነው የሚዞረው። አሥራ ሁለት ጊዜ ቆጥሬያለሁ" አለች።

ሁለት ሽማግሌዎች ጎንበስ ብለን አየን። አንደኛው ስለ ጅብ ሰብኮ ገና አንድ ሳምንት ያልሞላው፣ ሁለተኛው ለአሥራ አንድ ዓመት ጅብ ያበላ። ሴቷን አየን፤ ወንዱን አየን። ሽሙኤል ፊቱ ተለወጠ። ሥጋ ወርውሮ ጅቡን ወደ አጥሩ አስጠጋውና በባትሪ አበራበት። በጅቡ ግራ እግር ጣቶች መካከል ቀጭን የአጥር ሽቦ ተጠምጥሞ ሥጋው ውስጥ ገብቷል። እግሩ አብጧል። ሽሙኤል እዚያው ቆሞ ለእንስሳት ሐኪሙ ደወለ። ስልኩን ከዘጋ በኋላ ለያፊት ጎንበስ ብሎ እጇን ጨበጠ። እንደ ሰው፣ እንደ ትልቅ ሰው። እኔም አፈርኩ፤ ደስም አለኝ። የትኛው እንደበለጠ አላውቅም።

9. በ7፡00 ቡድን አሌፍ ገባ። የዖሜር ልጆች ጥፋት የለባቸውም፤ ይህ በግልጽ እንዲጻፍልኝ እፈልጋለሁ። ሮጠው መጥተው ከእኛ ልጆች ጋር አጥሩ ላይ ተደገፉ። ያፊት እግሩን እያመለከተች ታስረዳቸው ነበር፤ እነሱም አፋቸውን ከፍተው ይሰሟታል። ለአሥር ደቂቃ ያህል የትኛው አሌፍ የትኛው ቤት እንደሆነ ማንም ሊለይ አይችልም ነበር። በዚያ ካምፕ ውስጥ ካየሁት ሰዓት ሁሉ ደጉ ያ ነው።

ከዚያ ኢንባል መጣች። "ታደገ፣ ምን አደረግክ? መርሃ ግብሩን አፈረስከው! እንስሳቱ ይህን ሁሉ ልጅ በአንድ ጊዜ አይችሉም" አለች። ስለ እግሩ ልነግራት ስጀምር "አሁን አይደለም" አለችኝ። ቡድን ቤት ተለቅሞ ወደ አዳራሹ ገባ። የጥንብ አንሳው ፊልም እንደገና ተከፈተ። ሐኪሙ ሲመጣ፣ ጅቡ በመርፌ ሲተኛ፣ ሽቦው ሲወጣ ቡድን አሌፍ በክብ ቆሞ አየ። ጉዳቱን ያገኘችው ልጅ ግን በአዳራሹ መስኮት የሐኪሙን መኪና ጎማ ታይ ነበር። ሳጊን "ልወጣ?" ብትለው፣ ሳጊ ኢንባልን ጠየቀ። ኢንባል "ለአንዱ ከተፈቀደ ለሁሉም ሊፈቀድ ነው" አለች። እንዴት ያለ አደጋ ነበር ክብርት ሆይ! ለሁሉም ሊፈቀድ ነበር።

በማግሥቱ፣ በመጨረሻው ቀን፣ በ8፡30 በኋላ በር ገባን።

10. አሁን ወደ ሪፖርቱ አራተኛ ገጽ እመለሳለሁ። እንዲህ ይላል፦ "በምግብ ሰዓት የቡድን አሌፍ ተሳታፊዎች ባሳዩት ንቃት የጅቡ ጉዳት በጊዜ ተገኝቶ እግሩ ሊተርፍ ችሏል። ይህም የካምፑ ትምህርታዊ ስኬት ነው።" ይህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ለኢንባል ደወልኩ። መቆጣት እንኳ አልተቆጣችም። "በዚያ ሰዓት በኮምፒዩተሩ የተመዘገበው ቡድን አሌፍ ስለሆነ ነው። ቡድን ቤት በ7፡00 አልነበረም" አለችኝ።

"ነበረ እንጂ። ለዚያ አይደል የከሰስሽኝ?" አልኳት።

"ታደገ፣ ያ ሌላ ፎርም ነው" አለችኝ።

ክብርት ሆይ፣ እኔ በፎርም ላይ ያለኝ ዕውቀት ትንሽ ነው። ነገር ግን ሹፌር ሊቀጣ ሲፈለግ 19 ልጆች በ7፡00 በቦታው ይገኛሉ፤ ምስጋና ሲመጣ ደግሞ በ7፡00 የሉም። ይህን የሚችል እንስሳ በመጠለያችሁ ውስጥ አላየሁም።

ስለዚህ በታላቅ አክብሮት የምጠይቀው የሚከተለው ነው፦

ሀ. በሁለተኛው ገጽ "ያሳዩት ፍላጎት ዝቅተኛ ነው" የሚለው ቃል ተሠርዞ "ዘግይተው እንዲደርሱ ተደርገዋል" በሚል እንዲተካ። እውነቱ ከእርሱ በላይ መራራ ቢሆንም ለሪፖርት ይበቃል።

ለ. በአራተኛው ገጽ የጅቡን ጉዳት ያየችው የቡድን ቤት ልጅ ያፊት መሆኗ በስሟ እንዲጻፍ። ኮምፒዩተሩ አልቀበል ካለ በእስክሪብቶ ይጻፍ፤ እኔ እስክሪብቶ አለኝ።

ሐ. በሚቀጥለው በጋ ካምፑ ካለ የእኛ ልጆች በዋናው በር፣ በ7፡00 እንዲገቡ። ከዖሜር ልጆች ጋር ቢቀላቀሉ ደግሞ እንስሳቱ እንደሚችሉት በዓይኔ አይቻለሁ። ያልቻለው ሌላ ነው።

መ. ስለ ሺሙዑ። ጥፋቴን አልክድም። ሳይፈቀድልኝ ነድቻለሁ፤ ቀድሜ ደርሻለሁ፤ በተከፈተ በር ገብቻለሁ። ይህ ከሥራ የሚያሰናብት ከሆነ ልሰናበት። ስብሰባው ሰኞ ሴፕቴምበር 1 ቀን በ10፡00 በዖሜር ቢሮ ተብሎ ተጽፏል። እኔ ግን በ8፡30 በመጠለያው፣ በኋላው በር በኩል እንዲሆን እለምናለሁ። ኮሚቴው ከፍጉ በርሜል ጎን አልፎ፣ ጅብ ከሚለው ሰሌዳ ፊት ለአንድ ሰዓት ቆሞ ለተፈጥሮ ያለውን ፍላጎት ያሳይ። ከዚያ በኋላ የሚፈርዱትን እቀበላለሁ። ሽሙኤል ግን ምንም አላደረገም፤ ጥያቄ ቢኖር እኔን ብቻ ይጠይቁ።

ለማስረጃ እንዲሆን 19ኙም ወላጆች የፈረሙበትን ወረቀት፣ ከያፊት ደብተር ላይ የጁላይ 30 ቀኑን ገጽ ግልባጭ፣ እንዲሁም ሳጊ በገዛ እጁ "የተባለው ሁሉ ትክክል ነው፤ የሚዳቋውንም ጨምሮ" ብሎ የጻፈውን አያይዣለሁ። ሳጊ ይህን ሲጽፍ ማንም አላስገደደውም። በዚህ ምክንያት የሚደርስበት ነገር ካለ ያኔ ሁለተኛ አቤቱታ እጽፋለሁ።

ትናንት ሽሙኤል ደውሎልኝ ነበር። ጅቡ አራቱንም እግሩን ይረግጣል፤ በግራም በቀኝም ይዞራል። ሁለት ቀን ቢዘገይ ኖሮ እግሩ ይቆረጥ እንደነበር ሐኪሙ ነግሮኛል አለኝ። ለያፊት ስነግራት ደስ አላትና እንደ ቀድሞዋ ሳታቋርጥ ግማሽ ሰዓት አወራች። ከጁን ወዲህ እንዲያ ስታወራ አልሰማኋትም። ከዚያ ይህን ወረቀት ስጽፍ አይታ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ስለ አራተኛው ገጽ ነገርኳት።

"ተዋቸው ሳባ። ማን እንዳየው ጅቡ ያውቃል" አለችኝ።

ጅቡ ያውቅ ይሆናል። ነገር ግን ጅብ ሪፖርት አይጽፍም። ስለዚህ እኔ ጻፍኩ።

ለክብርትነትዎ ከሚገባው ሰላምታ ጋር፣ መልስዎን በትዕግሥት የምጠብቅ

(ፊርማ)

ታደገ ውበቱ
የቡድን ቤት ሹፌር፣ ቢያንስ እስከ ሴፕቴምበር 1 ድረስ